ከተራ ዕለት ቤታችን ተሰረቀ፤ እናንተ ሰፈር ምን ታደርጋላችሁ?

የማራኪዋ
ጥር 13፣ ማታ 2፡10

ሰላም የጎንደር ልጆች። እንኳን አደረሳችሁ። እኛ ቤት ግን ዘንድሮ ጥምቀት እንደ ጥምቀት አላለፈም።

ከተራ ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሁላችንም ወጣን። እናቴ፣ እኔ፣ ወንድሜ፣ ግቢያችን ያሉት ሁለት ተከራዮችም ሳይቀሩ። ታቦታቱን እስከ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሸኝተን፣ እዚያው አምሽተን፣ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ተመለስን። በሩ እንደቆለፍነው ነው። ቁልፉም ቦታው ነው። ገብተን መብራት ስናበራ ቴሌቪዥኑ የለም። የወንድሜ ላፕቶፕ የለም። የእናቴ የአንገት ወርቅ ከነመስቀሉ የለም። የተደለዘ 5 ኪሎ በርበሬ ከነባልዲው ሄዷል። የበርበሬን ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቴ ከወርቁ እኩል ነው ያለቀሰችለት። ለበዓል የተጋገረውን ድፎ ደግሞ ቆርሰው በልተዋል። ቆመው ነው የበሉት፣ ፍርፋሪው ወለሉ ላይ ነው።

የተሰበረ ነገር የለም። ከኋላችን ያሉ አንዲት አሮጊት እግራቸውን ስለሚያማቸው ቤት ነበሩ። ውሻችሁ ሲጮህ አልሰማሁም ይላሉ።

ለፖሊስ አመልክተናል። ጥያቄዬ ለወደፊቱ ነው። እኛ ሰፈር ሮንድ የለም፣ ዘበኛ የለም። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ጃንተከል ዋርካ
ጥር 13፣ ማታ 2፡31

እግዜር ያጽናችሁ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁልፉ "ቦታው ነው" ያልሽው ቦታው የት ነው?

የማራኪዋ
ጥር 13፣ ማታ 2፡38

ከበሩ በስተግራ፣ የድንጋይ አጥሩ ስንጥቅ ውስጥ። ተከራዮቹ ሲያመሹ እንዳያንኳኩ ብለን ነው። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አትጻፉት።

ባለ ባጃጁ
ጥር 13፣ ማታ 3፡05

አይ እጽፈዋለሁ እታለም፣ ይቅር በይኝ።

እኔ በቀን ስንት ሰው ቤቱ ድረስ አደርሳለሁ። ሰው ከባጃጄ ወርዶ ዓይኔ እያየ የአበባ ማሰሮ አንስቶ ቁልፍ ያወጣል። ሌላው እኔ ኋላ ተቀምጦ በስልክ "ቅዳሜ ሁላችንም ባሕር ዳር ነን፣ ቤት ማንም የለም" ይላል፣ ጮክ ብሎ። ቀጥሎ "ግራ ታጠፍ፣ ሰማያዊው በር ጋ" ይለኛል። አሁን እኔ ክፉ ሰው ብሆን ምን ቀረኝ? ቀኑን ነግሮኛል፣ በሩን አሳይቶኛል።

እኛ ቤት ቁልፉ እንደየሰዉ ተቀርጿል። ለተከራይም ይቀረጽለታል። ተከራይ ሲለቅ ጓንጉሉ ይቀየራል። የቤት ኪራይ እየተቀበላችሁ የአንድ ቁልፍ ዋጋ አይክበዳችሁ።

የበዓሉን ግርግር ካነሳን ዘንድሮ ሦስት ተሳፋሪ ስልኩን ተበልቶ እያለቀሰ ተሳፍሮብኛል። ሦስቱም የኋላ ኪስ። አሠራሩ አንድ ነው፤ አንዱ ከፊት ድንገት ይቆማል፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል፣ ጃኬት ክንዱ ላይ ጣል ያደረገው ደግሞ ያወጣል። አንተ የገፋህን ሰው ዞረህ ስትቆጣ ስልክህ ሦስት እጅ አልፏል።

የልደታዋ እናት
ጥር 13፣ ማታ 3፡22

የኔ ልጅ፣ እናትሽን ጠይቂልኝ። ግን ወርቁን ምነው ሳታደርገው ወጣች? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለም?

የማራኪዋ
ጥር 13፣ ማታ 3፡30

እትዬ፣ እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበው። "ግርግር ነው፣ ኪስ አውላቂ ይበጥስብኛል፣ ቤት ይሻላል" ብላ አውልቃ ነው የሄደችው።

አሁን ደግሞ እናቴ እስከ ኅዳር እኛ ጋ ትሠራ የነበረችውን ልጅ ጠርጥራለች። ቁልፉን ታውቃለች፣ ወርቁን ታውቃለች፣ ውሻውም አይጮህባትም። ነገ ቃሌን ስሰጥ ስሟን አስመዘግባለሁ ብላለች። እኔም ሳስበው ሌላ ማን ይሆናል?

የአዘዞ ልጅ
ጥር 13፣ ማታ 3፡41

ያ ነው! የቤት ሌባ ነው። እንዲህ ያለውን ፖሊስ ምን ያደርገዋል፣ ዛሬ ገብቶ ነገ ይወጣል። እኛ ሰፈር ባለፈው አንዱ ቆጣሪ ሲፈታ ተይዞ ሰዉ እዚያው ነው የዋጋውን የሰጠው። ከዚያ ወዲህ የውሃ ቆጣሪ አልተነካም።

ጡረተኛው ሳጅን
ጥር 14፣ ጠዋት 1፡15

ሌሊቱን አነበብኩት። ትንሽ ልጻፍ፣ ረጅም ከሆነ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ለአዘዞው ልጅ። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ዜጋ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል። መደብደብ ግን ሌላ ወንጀል ነው። በሥራ ዘመኔ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ተከሳሽ ሆኖ ሲቆም አይቻለሁ። ሌባው ሆስፒታል፣ ባለቤቱ ጣቢያ። ዕቃውም አልተገኘም፤ ምክንያቱም ያለበትን የሚያውቀው ሰውዬ መናገር አይችልም ነበር።

ሁለተኛ፣ የተሰረቀ ቤት አይጸዳም። እናንተ ፍርፋሪውን ሳትጠርጉት አልቀራችሁም፣ አይደል? ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። በሩን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ዳቦው የነበረበትን ሰሐን ሳትነኩ ለፖሊስ መደወል ነበር።

ሦስተኛ፣ የላፕቶፑ መለያ ቁጥር አላችሁ? ካርቶኑ ላይ ይገኛል። ካርቶኑን አትጣሉ። ስልክ ላይ *#06# ስትመቱ 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ ቁጥር ይወጣል፣ ደብተር ላይ ጻፉት። "ጥቁር ሳምሰንግ" ብሎ የሚያመለክት ሰው ብዙ ነው። ዕቃው ተገኝቶ እንኳ የእኔ ነው ብሎ የሚያረጋግጥበት ነገር የለውም።

አራተኛ፣ የሌባ ገንዘቡ ገዢው ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ዕቃ የሚገዛን ሰው ይቀጣል። "ማወቅ ሲገባው" የምትለውን ልብ በሉ። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ካርቶን፣ በግማሽ ዋጋ፣ ማታ ጥግ ላይ የተገዛ ስልክ እንዴት አላወቅሁም ይባላል?

የሠራተኛዋን ጉዳይ እመለስበታለሁ።

የልደታዋ እናት
ጥር 14፣ ጠዋት 2፡00

አይ ሳጅን፣ አንቱ አይመለሱበት። እኔ ልናገረው፣ የኔ ኃጢአት ነው።

ከዓመታት በፊት የጋብቻ ቀለበቴ ጠፋ። ቤት የነበረችው አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ናት፣ ከገጠር የመጣች። ሌላ ማን ይሆናል አልኩ፣ ልክ አሁን አንቺ እንዳልሽው። አለቀሰች፣ ማለች። ሌባ ሲምል ነው የሚያምር አልኳት። ጎረቤት ሰምቶ ሻንጣዋ በሰው ፊት ተፈተሸ። አንድ ጥልፍ ነጠላና የእናቷ ፎቶ ነው የነበረው። የሁለት ወር ደመወዟንም ያዝኩባት። ሄደች።

በፋሲካ ጾም የጤፉን በርሜል ልናጥብ ገለበጥነው። ቀለበቱ ከሥር ነው። ጤፍ ስሰፍር ከጣቴ ወጥቶ ነው።

ልጅቷን ፈለግኳት። በደላላ ነበር የመጣችው፣ ደላላው አገሯን እንኳ በትክክል አያውቅም። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። ቀለበቱን አላደርገውም።

ስም ከማስመዝገብሽ በፊት ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። ያሰብሽውን አትናገሪ።

ጡረተኛው ሳጅን
ጥር 14፣ ጠዋት 2፡20

ከዚህ የምጨምረው የለኝም እመቤቴ።

ለየማራኪዋ አንድ ጥያቄ ብቻ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት እናንተ ግቢ የማታውቁት ሰው ገብቶ ነበር? ዕቃ ሻጭ፣ ለማኝ፣ ቤት ፈላጊ፣ ማንም ይሁን። እናትሽን ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። ስለ ልጅቷ አታንሺባት።

መምህር
ጥር 14፣ ቀን 6፡50

ታሪክ ስለማስተምር አፌን ይበላኛል።

በድሮው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡና መቀነቱን ይዘው ይለቁታል። ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። በቃ። ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ። በኋላ ተከለከለ። አንዳንዴ ግን የእኛ ጥርጣሬ ከዚያ የሚለይ አይመስለኝም፤ ተንገዳግዶ ሁልጊዜ የሚወድቀው የቤት ሠራተኛ ደጃፍ ላይ ነው።

ሌላው አፈርሳታ ነው፣ አውጫጭኝም ይሉታል። አንድ ነገር ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ያየውን የሰማውን እየተናገረ፣ ነገሩ እስኪወጣ አይበተንም። ክፉ ጎኑ ብዙ ነው። ሰዉ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ወንጀለኛው ካልወጣ ሁሉም ያዋጣል። ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ እያንዳንዱ ሰው የያዛት ቁራጭ ወሬ አንድ ቦታ ትጠራቀማለች። ዛሬ አንዷ ጎረቤት የማታውቀው ሰው ሲዞር ታያለች፣ ሌላው ቆሞ የሚያድር መኪና ያያል፣ ማንም ለማንም አይናገርም።

ባለሱቁ፣ ፒያሳ
ጥር 14፣ ማታ 1፡30

እኔን ያስቸገረኝ ደግሞ በር ሰብሮ የሚገባው አይደለም፣ በስልክ የሚገባው ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ልጅ የ4,200 ብር ዕቃ ገዛ። "በቴሌብር ልኬልሃለሁ" አለኝ። ሜሴጅ ገባ። ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ የግብይት ቁጥር አለ። ቁርጥ ነው። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ብሩ የለም። ሜሴጁን መልሼ ሳየው የመጣው ከተራ የ09 ቁጥር ነው። የተጻፈውን አንብቤያለሁ፣ ማን እንደጻፈው አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ሜሴጅ አላምንም። አፑን ከፍቼ ወይም *127# መትቼ ቀሪ ሒሳቤን አያለሁ። ደንበኛ ቢቆጣ ይቆጣ። በራሱ ስልክ ላይ ስክሪንሾት አሳይቶኝ ሊሄድ የሚል አለ፤ እሱንማ ጭራሽ።

"በስህተት ላኩብህ" የሚሉትም አሉ። እንደዚሁ የሐሰት ሜሴጅ ይመጣል። ወዲያው አንዲት ሴት እያለቀሰች ትደውላለች። ልጄ ሆስፒታል ነው፣ የመድኃኒት ብር ነበር፣ ለእግዚአብሔር ብለህ መልስልኝ። እኛ ደግሞ ለእግዚአብሔር ከተባልን ሆዳችን አይችልም። ገና ያልገባልንን ብር ከራሳችን ኪስ "እንመልሳለን"። የኔ መልስ አንድ ናት፤ "እህቴ፣ 994 ደውይ፣ በእነሱ በኩል ይመለስልሽ።" እውነተኛዋ ታመሰግናለች። አታላይዋ ትሳደባለች።

ያጎቴን ሚስት የበሉት ግን "ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል" ብለው ነው። "በሜሴጅ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን" አሏቸው። ነገሯቸው። እስከ ዛሬ "የምስጢር ቁጥሬን ለማንም አልሰጠሁም" ብለው ይምላሉ። እውነታቸውን ነው፣ የሰጡት የማረጋገጫ ቁጥሩን ነው። ቴሌብር በሌላ ስልክ ሲከፈት ባለቤቱ መሆኑን የሚጠይቀው በሱ ነው። ለእናቶቻችን "ፒን አትስጡ" ማለት አይበቃም። "በስልክ ለጠየቀሽ ሰው ምንም ቁጥር አትንገሪ" በሏቸው።

ማራኪ ካምፓስ
ጥር 14፣ ማታ 2፡15

ባለሱቅ ላይ ልጨምር። ስልክ ሲሰረቅ የሚሄደው ስልኩ ብቻ አይደለም። ስልክህ በጣት አሻራ ተዘግቶ ይሆናል። ሌባው ሲሙን ያወጣና ሌላ ስልክ ላይ ይከተዋል። የማረጋገጫ ሜሴጅ ሁሉ ለሱ ይመጣል። ለዚህ የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሲሙን ራሱን በፒን ቆልፉት። ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ፒን ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋል። እናንተም ከረሳችሁት ይዘጋባችኋል፣ ስለዚህ ጻፉት። ስልኩ በተሰረቀ ሰዓት ደግሞ ከማልቀስ በፊት ከሰው ስልክ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት፣ ከዚያ ባንክ መደወል።

ቴሌግራምም ሁለተኛ የይለፍ ቃል አለው፣ አብሩት። የዶርም ጓደኛዬን አካውንት ወስደው ለሁላችን "5 ሺህ ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ" ብለው ጻፉ። ሦስት ልጆች ላኩ። አንዱ እንኳ ደውሎ ድምፁን ልስማ አላለም። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ለአዲስ ተማሪዎች ደግሞ፤ ቤቱን ገብታችሁ ሳታዩ፣ ባለቤቱን ሳታገኙ ለደላላ ቀብድ አትክፈሉ።

ባለ ባጃጁ
ጥር 14፣ ማታ 2፡40

መናኸሪያው አካባቢ "ወርቅ ወድቆ አገኘን፣ እንካፈል" የምትለዋ አሁንም አለች እኮ! ለቅዳሜ ገበያ የመጣ ገበሬ የበሬ መሸጫውን አውጥቶ ነሐስ ይዞ ይሄዳል። ወርቅ ያገኘ ሰው ለማያውቀው ሰው ይነግራል እንዴ?

የማራኪዋ
ጥር 15፣ ማታ 1፡05

ሳጅን፣ እናቴን ጠየቅኳት።

ጥር 8 ቀን አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ነበርኩ። ደብተር ይዟል፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል፣ የመብራት ቆጣሪ ልይ አለ። እናቴ ቡና ላይ ስለነበረች "ና አረፍ በል" ብላ ሁለት ስኒ አጠጥታዋለች። "ለጥምቀት የት ነው የምትውሉት?" አላት። "የት እንውላለን፣ ባሕሩ ነዋ፣ ሁላችንም" አለችው። ሲወጣ ውሻውን ዳቦ እያጎረሰ ነበር አለች። ይህን ስትናገር ራሷ አቋርጣ ዝም አለች።

መታወቂያ አልጠየቀችውም። የቆጣሪያችን ንባብ ደግሞ ከሳምንት በፊት ተወስዶ ነበር።

ይህን ነው ለፖሊስ የተናገረችው። የልጅቷን ስም አላነሳችም።

ጃንተከል ዋርካ
ጥር 15፣ ማታ 1፡20

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእናንተው ጅቡ ሄዶም አልጮኸ፤ ዳቦ በልቷላ።

ጡረተኛው ሳጅን
ጥር 15፣ ማታ 1፡48

እናትሽን አትቆጫት። እንግዳ ተቀባይነቷን ነው የተጠቀመባት።

በር ላይ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ሊኖረው ይገባል። ተቀብሎ ማንበብ ነውር አይደለም። ካልተማመናችሁ በሩን ዘግታችሁ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ፤ እሱ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ራሳችሁ በምታውቁት። እውነተኛ ሠራተኛ ይጠብቃል።

አሁን የሚሸጡበትን ቦታ አስሱ። የቴሌግራም የመሸጫ ቻናሎችን፣ ያገለገለ ዕቃ ሱቆችን። ካገኛችሁ ግን ብቻችሁን ሄዳችሁ "የኔ ነው" እንዳትሉ። ለመርማሪው ንገሩ።

የአዘዞ ልጅ
ጥር 15፣ ማታ 2፡02

ልጅቷን በተመለከተ ቸኩያለሁ። ይቅርታ።

ሮንዱስ ምን ሆነ? የተጠየቀው እሱ ነበር።

የልደታዋ እናት
ጥር 15፣ ማታ 2፡30

እኛ ሰፈር በእድሩ በኩል ነው የያዝነው። ወርኃዊ ስብሰባው ላይ ሰው ስለማይቀር ለብቻው ስብሰባ መጥራት አላስፈለገም። የሌሊት ጥበቃው የተቀጠረው በሚያውቁት ሰው ነው፣ ተያዥ አለው፣ መታወቂያው ኮፒ ሆኖ ጸሐፊው ጋ ተቀምጧል። መክፈል ለማይችሉ ሁለት ቤቶች ሌሎቻችን እንሸፍናለን።

ወጣቶቹ መጀመሪያ በትር ይዘን በተራ እንውጣ ብለው ነበር። በዚህ ጊዜ ከቀበሌውና ከጸጥታ ሰዎች ጋር ሳይነጋገሩ ሌሊት በቡድን መውጣት አደጋ አለው። ሄደን ተነጋገርን፣ ሰዓቱንና ስማቸውን አስመዘገብን።

ለበዓልና ለለቅሶ ደግሞ ከየአራት ቤቱ አንድ ሰው ይቀራል። የእድር ጡሩንባ ሲነፋ እኛ ቀብር እንደምንሄድ ሌባውም ይሰማል እኮ።

ባለሱቁ፣ ፒያሳ
ጥር 15፣ ማታ 2፡44

እትዬ፣ ለቅሶስ እሺ። ከተራን ቤት ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ከየት ተገኘ?

የልደታዋ እናት
ጥር 15፣ ማታ 2፡50

ዕጣ ነው ልጄ። የዘንድሮው ለኔ ደረሰ። ሙሉ ቀን በሬ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው በር ስጠብቅ ዋልኩ። ማታ ላይ ጸበልም ድፎም አመጡልኝ፣ ግን እልልታውን ከሩቅ መስማት እንዴት ነው? የሚመጣው ዓመት ዕጣ ላይ የለሁበትም።

የማራኪዋ
የካቲት 3፣ ማታ 1፡40

ለጠየቃችሁኝ በውስጥ ለመመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፍ።

ላፕቶፑ ተገኘ። ወንድሜ አንድ የመሸጫ ቻናል ላይ አየው፤ ክዳኑ ላይ የለጠፈው ስቲከር ሲላጥ የቀረው ሙጫ ነው ያሳወቀው። ካርቶኑ አልጋ ሥር ስለነበረ ቁጥሩን ይዘን ለመርማሪው ሰጠን። ሻጩ "ከሰው ገዛሁ" ብሏል። ጉዳዩ በምርመራ ላይ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ቴሌቪዥኑና ወርቁ የሉም። በርበሬው ተበልቶ አልቋል ብዬ አስባለሁ።

እናቴ ትናንት የልጅቷን ስልክ ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ነበር። ለሌሊት ጥበቃ በየቤቱ 150 ብር በወር ተስማማን። ሁለት ሰዎች "እኛ አጥራችን ረጅም ነው፣ አንከፍልም" አሉ፣ ክርክሩ ሰዓት በላ። በየበሩ አንድ መብራት ይኖራል፤ መብራት ሲጠፋስ ለሚለው አራት ቤት ሶላር ለመግዛት ፈቃደኛ ሆኗል። የሁሉም ሰው ስልክ ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ተሰጥቷል። የማያውቁት ሰው በር ላይ ሲመጣ መጻፊያ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል፤ እስካሁን የተላከው ግን የመልካም ሰንበት ፎቶ ብቻ ነው። ደግሞም ለየቤቱ አንድ ፊሽካ ይገዛል። አደጋ ሲኖር ይነፋል።

የአዘዞ ልጅ
የካቲት 3፣ ማታ 1፡55

ፊሽካውን ከልጆች እጅ አርቁ። እኛ ጋ በተገዛበት ዕለት አንድ የ5 ዓመት ልጅ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነፋው። ሰፈሩ በሙሉ በፒጃማ ወጣ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ነበር።

የማራኪዋ
የካቲት 3፣ ማታ 2፡01

ዘግይተሃል። የኛ ተከራይ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሁለቴ ነፍቶታል። ውሻውም ጮኸ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።